የወንድሜ ልጅ ሊመጣ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው «ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው» ሲባል ወዲያው ካርቶን መሰብሰብ ይጀምራል። አከራይዋ «ውጣልኝ» አላሉም። ኪራይ መጨመር እንዳማራቸውም ትንፍሽ አላሉም። ልጅ ሊመጣ ነው፣ አለቀ። ልጁ ግን አይመጣም። ተከራዩ በወጣ በሳምንቱ በዚያው መስኮት ላይ ሌላ ተከራይ መጋረጃውን ሰቅሎ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ልጁም ትኬቱን በዚያው ልክ ቢቆርጥ ይሻለዋል።

እኔ ይህችን ዘዴ ቦሌ ላይ ተሰናብቻት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንዲት እናታችንን ቤዝመንት ተከራይቼ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አንድ እሁድ ቡና ጠሩኝ። አቦሉ በሰላም አለፈ። ቶናው ላይ ስኒውን እያቀበሉኝ «የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ አንዱ ከዚህ ወደዚያ፣ ሌላው ከዚያ ወደዚህ ስንት ዘመን ሲጓዙ ኖረዋል፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም ሳይባባሉ አይቀሩም።

«መቼ ነው የሚመጣው፣ እትዬ?»

«ኧረ ቪዛው ገና ነው። አንተ ምን አስቸኮለህ? ቤትህ ነው።»

በማግስቱ ልጃቸው ሜትር ይዞ ወርዶ ክፍሌን ለካ።

የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ቡና አያፈላም። የውሉ ዘመን አልቆ በየወሩ የሚቀጥለውን፣ እኛ «መንዝ ቱ መንዝ» የምንለውን ኪራይ፣ አከራይም ይሁን ተከራይ ማቋረጥ ከፈለገ የሚቀጥለው ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የወንድም ልጅ አያስፈልግም። «በዚህ ቀን ቤቱን ይልቀቁልኝ» የምትል አንዲት መስመርና ቀን ያለባት ወረቀት ትበቃ ነበር። ግን እትዬ ለእኔ ወረቀት ሊሰጡኝ ነው? እኛ ዘንድ ወረቀት የሚሰጣጠው የተጣላ ሰው ነው፤ ከወረቀት ቀጥሎ ያለው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ እሳቸውም ደብዳቤ አልጻፉም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ተሳስመን ተለያየን።

እሳቸውን ልተች አፌን ስከፍት የራሴ ጉድ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በፊት ዋሽንግተን ዲሲ አፓርታማ ውስጥ ስኖር፣ ሊዙ አልቆ ወር በወር እየከፈልኩ ሳለ መውጣት ፈለግኩ። ፎቅ ላይ ቢሮ ያላትን ሠራተኛ ሊፍት ውስጥ ባገኘኋት ቁጥር ዳር ዳር ስል ከረምኩ፤ «ቤት እያየሁ ነው»፣ «ዕቃ ልሸጥ አስቤያለሁ»። ፈገግ ትላለች። እኔ ነገርኳት ብዬ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ጨዋታ መስሏታል። በመጨረሻ ኦክቶበር 5 ቀን ኖቲስ ጻፍኩ፤ ኖቬምበር 5 እወጣለሁ፣ ሠላሳ ቀን ሞልቷል፣ ምን ቀረኝ ብዬ።

የቀረኝ የዲሲ ሕግ ነበር። የዲሲ ሕግ 30 ቀን ይሙላ ብሎ አያበቃም፤ ማስታወቂያው የሚያልቅበት ዕለት ኪራዩ በጀመረበት የወሩ ቀን ላይ እንዲውል ይፈልጋል። የእኔ ኪራይ የጀመረው በወሩ 1 ነው። ደብዳቤዬን ኦክቶበር 1 ሰጥቼ ቢሆን ኖቬምበር 1 ነጻ ነበርኩ። አራት ቀን በመዘግየቴ ዲሴምበር 1 ተባልኩ። የኖቬምበርን ኪራይ ለባዶ ቤት ከፈልኩ።

አስራ ሁለቱ ወሮቹ እኩል 30 ቀን ከሆኑበት አገር የመጣ ሰው «አንድ ወር» እና «30 ቀን» አንድ ናቸው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የምትተርፈውን ጳጉሜን እንኳ ኪራይ ሳንከፍልባት እናሳልፋታለን። እዚህ ግን ፌብሩዋሪ የምትባል ወጥመድ አለች። ፌብሩዋሪ 1 ደብዳቤ አስገብቶ ማርች 1 ቁልፍ ለማስረከብ ያሰበ ሰው ሁለት ቀን ጎድሎበታል፤ ለሁለቱ ቀን የማርችን ኪራይ ይጠየቃል። ይህንን ሁሉ ሽሽት «ዲፖዚቴን ለመጨረሻው ወር ያዙልኝ» ብሎ የሚሰወርም ሞልቷል። ዲፖዚት ግን ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ የሚታሰብ ገንዘብ ነው፤ ዲሲም ቨርጂኒያም ለአከራዩ 45 ቀን ይሰጡታል።

ዘንድሮ ለጥምቀት እትዬን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። አጠገባቸው ነጠላ ያጣፋ ወጣት ቆሟል። የወንድማቸው ልጅ ነው። እውነት መጥቷል! ከበዓሉ በኋላ ገለል አድርጎ አነጋገረኝ። ቤዝመንቱ ውስጥ ነው ያለው፣ በየወሩ በ1 ኪራይ ይከፍላል፣ ማርች 1 ሊወጣ ቤት አግኝቷል። የቸገረው ለአክስቱ ምን እንደሚላቸው ነው።

«ዳላስ ያለው ጓደኛዬ ሊመጣ ነው፣ አብረን እንኑር ብሎኛል ልበላቸው?»

«የፈለግከውን በላቸው» አልኩት፤ «ብቻ እስከ ጃንዋሪ 30 አንዲት መስመር ጽፈህ፣ ቀን አድርገህ፣ ፈርመህ ስጣቸው፤ ፎቶም አንሳት።»

ዛሬ ጃንዋሪ 29 ነው። ትናንት ማታ ደወልኩለት። እሁድ ቡና ላይ ሊያነሳባቸው አስቧል።