ኧረ የወረቀት ያለህ!

መዳፍ ለማታህል ሰርኪዩት ቦርድ ስንት ቀን እንልፋ? ወልዲያም መርሳም ሬዲዮ፣ ቻርጀርና ኢንቨርተር የምንጠግን ሰዎች፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የሚንከራተቱ ተማሪዎችም ጭምር፣ ስንገናኝ ወሬያችን ይኸው ነው።

ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ሲግል ይቀልጣል። የሰርኪዩቱን ሥዕል አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አትሞ፣ ቀለሙን ወደ ቦርዱ መዳብ ደፍቶ በካውያ መተኮስ፣ ወረቀቱን በውሃ አርሶ ማንሳት፣ ቦርዱን ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ መንከር፤ በቃ። ቶነር ያልሸፈነው መዳብ ተበልቶ ያልቃል፤ መስመሩ ይቀራል።

ወረቀቱስ የት ይገኛል? የድሮ መጽሔት ገጽ ይዘን ፎቶ ኮፒ ቤት ስንገባ «ማሽኔን ታበላሹብኛላችሁ» እንባላለን። አንፈርድባቸውም፣ እንጀራቸው ነው። እሺ ያሉን ቀን ደግሞ ቶነሩ እየተሞላ የከረመ ይሆንና መስመሩ ሳስቶ ይወጣል። ሳይነግሩን በኢንክጄት ያተሙልን ቀንማ ቀለሙ ውሃ ሲነካው ታጥቦ ሲሄድ ቆመን አይተናል።

የሚያንገበግበኝ ግን መብራቱ ነው። ለአንድ የሀብሩ ጫጩት አርቢ የመፈልፈያ ሙቀት መቆጣጠሪያ ልሠራ ተነሣሁ። ካውያው ግሎ ወረቀቱ መያዝ ሲጀምር መብራት ድርግም! ግማሹ ተጣብቆ ግማሹ ቀረ። መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደገና ጀመርኩ። በከሰል ካውያም ሞከርኩት፤ ሙቀቱ አይመጠንም፣ ሲበዛ መስመሮቹ ተጨፍልቀው እርስ በርስ ተገናኙ። ለመፈልፈያ የተሰበሰበ እንቁላል ከሳምንት በላይ ካደረ የመፈልፈል ዕድሉ ይቀንሳል። ሰውየው በየቀኑ ይደውላል፣ እኔ የምመልስለት የለኝም።

ፌሪክ ክሎራይዱን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ነው የምናስመጣው፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ። ስለዚህ አንደፋውም፤ ደግመን ደጋግመን እንነክርበታለን። ሲደክም አንዲት ቦርድ ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ እስከዚያው ቶነሩ ራሱ መላጥ ይጀምራል። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ!

ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምትሸጡ ወገኖቻችን፣ ሊድና ሬዚስተር ስታስጭኑ ጥቂት ፌሪክ ክሎራይድና አንድ እሽግ የቶነር ወረቀት ጨምሩልን፤ ገዢዎቹ እኛ አለን። ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ማሽናችሁ ሌዘር ይሁን ኢንክጄት ከማተማችሁ በፊት ንገሩን።