ያዝ ለቀቅ በሁዳዴ

ዓሣ ማጥመድ የሰነፍ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ያዩት፣ ሐይቅ ዳር ክሩን ወርውሮ የሚያንቀላፋውን ነው። ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። የትንንሽ ጅረት ትራውት አጥማጅ ግን ሌላ ጉድ ነው። ቅዳሜን የመሰለ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል፣ ሁለት ሰዓት ይነዳል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ድንጋይ ለድንጋይ በጉልበቱ ይድሃል፤ ይህን ሁሉ መከራ አይቶ ከመዳፉ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ይይዝና መልሶ ይለቀዋል። ማታ ባዶ እጁን፣ ካልሲው ውሃ እንዳቆረ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። እኔ እንዲህ ካሉት አንዱ ከሆንኩ ሰነባብቻለሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ናቸው። ባለቤቴ ምን አመል እንደያዘኝ ለዘመድ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። «ቢያንስ አይጠጣም» ነው የምትለው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በሸናንዶዋ ጅረቶች በትል ማጥመድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው አንድ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፍር ላይ በምትቀመጥ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጠምና ዝንብ ይሠራል። ዘዴው የዛሬ አይደለም፤ ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና ላባ እያሰሩ ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፎ አልፏል። እኔ የማዘወትረው አዳምስ የሚባለውን ዝንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሊዮናርድ ሃላዴይ የተባለ ሰው ሠርቶ በወዳጁ ስም ጠራው። ዋናው ነገሩ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ለዚሁ ሲባል ተዳቅሎ የሚረባ አውራ ዶሮ አለ፤ የአንገቱ ላባ ብቻ ከፋሲካ ዶሮ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ ሥጋው ግን አብሮ አይመጣም። በሁዳዴ ከዶሮ የተፈቀደልን ላባው ብቻ ስለሆነ አላማርርም።

ጾሙ ሳይፈታ በአንዱ ቅዳሜ የባለቤቴን አጎት ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ። ጋሼ ከሐዋሳ ሊጠይቁን መጥተው ሶፋ ላይ መዋል ሰልችቷቸዋል። ደግሞም ዓሣ ያውቃሉ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጀልባው ሲገባ ቆመው ቆሮሶ መርጠው የሚገዙ ሰው ናቸው። በሌሊት ከክፍላቸው ሲወጡ ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አሥረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። በእጃቸው የታጠፈ ፌስታል ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ፌስታሉ ለምንድን ነው?»

«ለዓሣው ነዋ! አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለጎረቤት።»

ሁለት ነበሩ። መልቀቅ የሚባል ነገር እንዳለ እዚያው መናገር ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን እንዲህ ያለ ዜና በባዶ ሆድ አይነገርም።

በአለባበሳቸው የሚስቅ ሰው ታሪክ አያውቅም። የወረድንበት የራፒዳን ወንዝ መነሻ ላይ 31ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር የእንጨት ቤቶች አሠርተው ነበር፤ እሳቸውም ትራውት የሚያጠምዱት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አሥረው ነው። ቦታው ሲመረጥ የሰጡት ትእዛዝ ይታወቃል፦ ከዋሺንግተን ከ100 ማይል የማይርቅ፣ ቢምቢ እንዳይኖር ከ2500 ጫማ ከፍታ በላይ የሆነ፣ ጥሩ ትራውት ያለበት። መሬቱን በገዛ ገንዘባቸው ገዙ። የራሳቸውን ማደሪያ ከኋይት ሐውስ በተቃራኒ ብራውን ሐውስ አሉት፤ እስካሁን ቆሟል። በጥቅምት 1929 የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድን እዚህ አምጥተው፣ ወንዙ ዳር ግንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ጦር መርከብ ቅነሳ ተነጋገሩ። በዚያው ወር መጨረሻ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ። ዓሣዎቹ በዚህ ጉዳይ እጃቸው የለበትም። ጋሼ ይህን ሁሉ በጥሞና አዳምጠው ከረባታቸውን አጠበቁ።

አሁን ወደ ሥራው። ትራውት ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡ ከላይ እየፈሰሰ ይመጣለታልና። ስለዚህ አጥማጁ ከታች፣ ከኋላው ነው የሚመጣው። ጥላህ ውሃው ላይ ካረፈ ወይም ድንጋይ ከተንቀሳቀሰ ያ ኩሬ ለዚያ ሰዓት አለቀለት። እኔ ጎንበስ፣ ከዚያ በጉልበቴ፣ ከዚያ በክርኔ እየተሳብኩ ስጠጋ ጋሼ ከኋላዬ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉ፤ ሸለቆው በሙሉ እንዲሰማ አድርገው።

የመጀመሪያው ኩሬ በዚህ ተዘጋ።

ውርወራው ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዝንቡ ክብደት የለውም፤ ከባዱ ክሩ ነው፣ ዝንቡን ተሸክሞ የሚሄደውም እሱ ነው። ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቀህ ወደ ፊት ትልከዋለህ። ሰፊ ወንዝ ላይ ያምራል። ራፒዳን ላይ ግን ከኋላህ ዛፍ፣ ከላይህ ዛፍ፣ ፊት ለፊትህ የወደቀ ዛፍ ነው፤ ተራራው ላይ ያለ ቅርንጫፍ ሁሉ አዳምስ የሚወድ ይመስላል። ጋሼ ትንሽ ካዩ በኋላ «እስቲ ወዲህ በለው» ብለው ዘንጉን ተቀበሉኝ። በልጅነታቸው ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ የሰፈሩ አንደኛ እንደነበሩ ያኔ ነው የነገሩኝ። ክሩን ወደ ኋላ ወረወሩ፣ ሳይዘረጋ ወደ ፊት መነጨቁት፤ ጧ! አለ። እውነትም አንደኛ ናቸው። ክሩ ከጮኸ ግን ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው። ጋሼ በድምፁ በጣም ስለረኩ ዝንቡን አላነሳሁባቸውም፤ ሌላ አሠርኩላቸው። እሱንም አጮሁት።

ዓሣው የመጣው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር፣ አረፋው በሚሽከረከርበት ጥግ ነው። ለመወርወር ቦታ ስላልነበረ ዝንቡን በጣቴ ይዤ ዘንጉን አጎበጥኩና ለቀቅኩት። ዝንቡ አረፈ፣ ውሃው ተከፈተ፣ ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። ሲይዙት እጅን አስቀድሞ ማራስ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅ ገላውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። ጋሼን ጠርቼ ውሃው ውስጥ እንዳለ አሳየኋቸው። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ፈዘዝ ያሉ ጠመዝማዛ መስመሮች ይሄዱበታል። ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ በያንዳንዱ ነጠብጣብ ዙሪያ ሰማያዊ ክብ። ሆዱ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ የታችኞቹ ክንፎቹ ጠርዝ በነጭ የተሰመረ ነው፣ ከነጩ ቀጥሎ ጥቁር። ርዝመቱ ስንዝር አይሞላም።

«ይህ ልጁ ነው። እናቱስ?» አሉ ጋሼ።

«ይቺ ናት እናቱ።»

ብሩክ ትራውት ነው የሚባለው። የዚህ አገር የተራራ ጅረት ባላባት እሱ ነው፤ ብራውን የሚባለው ከአውሮፓ፣ ሬይንቦው ከምዕራብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ባሌ ተራሮች ላይ እነ ዌብና ሻያ ወንዝ ውስጥ ያሉትም ብራውንና ሬይንቦው ናቸው፤ ከኬንያ አምጥተው ለቀዋቸው ነው። በሳይንሱ ከሄድን ግን ብሩክ ትራውት ከትራውት ሳይሆን ቻር ከሚባለው ወገን ይቆጠራል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ኮታቸውን እየቆለፉ ደመደሙ። «እንግዲህ ዝንብ ባልሆነ ዝንብ፣ ትራውት ያልሆነ ትራውት ያዝክ። ቢሆንም ይጠበሳል።»

ያኔ ለቀቅኩት።

የሆነውን ቃል በቃል መጻፍ ጾም ያስፈታል። ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ራፒዳን ላይ የተያዘ ትራውት ሁሉ መለቀቅ እንዳለበት ደንቡ ራሱ እንደሚያዝ ብነግራቸውም «ደንቡ እኮ አያይም!» አሉ። ያዳነኝ ዝንብ ነው፤ እውነተኛው። እንጀራ በሽሮና በጎመን ዘርግተን ስንበላ ከውሃው ላይ ቀጫጭን ክንፋሞች መነሣት ጀመሩ። ሜይፍላይ ይባላሉ። አንድ ዓመት ገደማ በውሃ ውስጥ ኖረው ክንፍ ሲያወጡ የሚሠራ አፍ የላቸውም፤ ምንም ሳይቀምሱ አንድ ሁለት ቀን በርረው፣ ተጋብተው፣ እንቁላላቸውን ጥለው ይሞታሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጉርሻቸውን ያዝ አደረጉ። አንዱ ከረባታቸው ላይ አረፈ፤ አላባረሩትም። «ውሃም አይቀምስ?» «ውሃም።» «እንዲህ ነው ጾም!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔንም ዓሣውንም ማሩን።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንድ መደብር በር ላይ መኪና አቁም አሉኝ። ቲላፒያ፣ በረዶ የያዘ፣ ፌስታል ሙሉ ገዙ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ «ይህን ሁሉ አጠመዳችሁ?» ስትል እኔ ጫማ ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ። ጋሼ ሳያቅማሙ «ባልሽ ጎበዝ ነው፣ እጁ ግን ቀዳዳ ነው» ብለው ወደ ማድቤት አለፉ። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የተነሣው ከተጠበሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልዘለቀም።

ልሞክረው የምትሉ ካላችሁ፣ ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የቨርጂኒያ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሳትይዙ አትውረዱ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውሃው ውስጥ ጠጠሩ ተጠርጎ ነጣ ያለ ቦታ ካያችሁ እንቁላል ተቀብሮበታልና እባካችሁ አትርገጡት፣ ዞራችሁ እለፉ። ጎረቤት ዓሣ አምጡልን ካላችሁ ደግሞ ቲላፒያው ከፓርኩ በጣም ይቀርባል።