ታላቁ ቅናሽ ወደ የጁቤ ይምጡልን

የጎጃሟ የጁቤ ንግድ ታውቃለች የሚሉ አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥሩው የባሶ ገበያ በዚሁ አካባቢ ይቆም ነበርና። ከእናርያ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ያራግፋል፤ አሞሌ ጨው፣ ከምጽዋ በኩል የመጣ ጨርቅና ዶቃ ጭኖ ይመለሳል። የሚገበያይበት ማርትሬዛ ብር እንኳ የኦስትሪያ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የባሕር ማዶ ዕቃ ዛሬ መጣብን ብሎ የሚያለቅስ ካለ እንባውን ይጥረግ። (በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ናፍቆቱንም በልክ እናድርገው።) ያን ሁሉ ሀብት ሲያገላብጥ የኖረ አገር የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ "ታላቅ ቅናሽ" ብሎ በሩ ላይ የሚለጥፍ።

ደግነቱ መንግሥት አሰበልን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ውስኪና ሽቶ ያሉበት 38 ዓይነት ዕቃ የውጭ ምንዛሬ ተከለከለ፤ በ2016 ክረምት ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ለአገሬው ሰው ብቻ ተከልሎ የኖረው ጅምላና ችርቻሮ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እንግዲህ ዕቃው ሞልቷል፣ በሩ ተከፍቷል፤ የቀረው መግዣው ብቻ ነው።

ለሸማኔውም ትልቅ ዕረፍት ሆኖለታል። እሱ ጥለት ሲቆጥር ወገቡ ይጎብጣል፤ የቻይናው ማሽን ግን ጥለቱን ሳይቆጥር ያትመዋል። በጥምቀት ባህላችንን እንለብሳለን፤ ባህላችን በኮንቴይነር ይመጣል። እንስራዋን ጀሪካን፣ ገንቦዋን በርሜል ተክቶላታል፤ ሸክላ ሠሪዋም ከጭቃ ተገላገለች። ድሮ እሷን ቡዳ፣ እሱን ቁጢት በጣሽ እያልን እንሰድባቸው ነበር። አሁን ሠልጥነናል። አንሰድባቸውም፤ አንገዛቸውም።

የቀረን አንድ እንቅፋት የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ወንጀሉ ብዙ ነው። ዘይት በስኒ ይሸጣል፣ ሳሙና ለሁለት ይከፍላል፣ አንድ ሻማ ብቻ ለሚፈልግ አንድ ሻማ ይሰጣል። ሌሊት ልጅ ታሞብን ስናንኳኳ ጋቢውን ደርቦ ይከፍታል። "ትኩሳቱ በረደለት ወይ?" እያለ ጊዜያችንን ያባክናል። ከሁሉ የከፋው ግን ያ ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር ነው፤ ጤፉ እስኪወቃ ድረስ የመንደሩን ስኳርና ጨው በእርሳስ ተሸክሞ ይከርማል። ወለድ ማስከፈል እንኳ አያውቅም! ይህ ነጋዴ ነው?

እርግጥ መልአክ አይደለም። ዶላር ጨመረ ሲባል አምና የገባውን ሳሙና ዛሬ ያስወድደዋል፤ ዘይት ሲጠፋ ከመደርደሪያው ጀርባ ይሸሽጋል። ቢሆንም ስናኮርፈው ለሚስቱ እንከሰዋለን። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሲያስወድድብን ለማን ሚስት እንደምንከስ ገና አልተነገረንም።

ለማንኛውም፣ ክቡር ታላቁ ቅናሽ ሆይ፣ ይምጡልን። 1,500 የነበረውን ሰኞ 3,000 ብለው ማክሰኞ በቀይ ቀለም ሰርዘው 1,999 ቢሉት፣ 1,001 ብር አተረፍን ብለን እልል እንላለን። በር ላይ የሚቆመው ካሜራዎ ማን እንደ ሞተብን ባይጠይቀንም መልካችንን አይረሳም። ሐምሌ ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ "በደብተር ጻፉልኝ" የምትል እናት ብትመጣብዎ በትሕትና ወደ ኤ.ቲ.ኤም. ይምሯት።

የአባልነት ካርድ አለን ካሉም ምንም አይደል፤ የእኛም የዕድር ካርድ አለልዎ። መዋጮው በየወሩ ነው፤ ቅናሽ የለውም። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ተካዩም በተራ ነውና ሥራ አስኪያጅዎ ጫማ ይዞ ይምጣ፤ ክረምት ላይ ጭቃ አለው።