ባለ ቀይ ሰደርያው

እ.ኤ.አ. በ2021 በቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምርጫ ከእጩው ቀድሞ የታወቀው ልብሱ ነበር። ግሌን ያንግኪን የሚባል ቁመተ ሎጋ ሰው በየከተማውና በየገጠሩ ቀይ ሰደርያ ለብሶ ብቅ ይላል። ከረባት የለ፣ ኮት የለ። ያየው ሁሉ እንደኛው ያለ ሰው ነው አለ። የሚያስቀው ግን ሰደርያ የዎል ስትሪት ሰዎች የደንብ ልብስ መሆኑ ነው። የኢንቨስትመንት ድርጅቶች አርማቸውን እያስጠለፉ ለሠራተኞቻቸው ሲያድሉት ከመኖራቸው የተነሣ፣ በ2019 ፓታጎንያ የተባለው ልብስ አምራች ለአዳዲስ የፋይናንስ ደንበኞች አርማ መጥለፉን እስከ ማቆም ደርሷል። እንግዲህ ሰውየው የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ነው ገበሬ ለመምሰል የበቃው።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። በ1995 ካርላይል የሚባለውን ኩባንያ ተቀላቀለና 25 ዓመት እዚያው ቆየ። ካርላይል ዋና ቢሮው ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከዋይት ሐውስ ጋር በአንድ ጎዳና ላይ ነው። ከጡረታ ፈንድና ከባለጸጎች ገንዘብ ይሰበስባል፣ ብድር ይጨምርበታል፣ ድርጅት ይገዛል፣ አንዳንዱን አድልቦ አንዳንዱን አክስቶ ይሸጣል። ያንግኪን በ2018 ከሌላ ሰው ጋር በጋራ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። አንድ ወንበር ላይ ለሁለት መቀመጥ ብዙ አልዘለቀም፤ በ2020 መስከረም ወር ወጣ፤ በጥር እጩ ነኝ አለ።

ምርጫ ቅስቀሳው ላይ የሀያ አምስቱ ዓመት ታሪክ ቶሎ ታለፈ። የገነነው የልጅነቱ ነው፦ አባቱ ሥራ ማጣታቸው፣ እሱ በጉርምስናው ቨርጂኒያ ቢች ውስጥ ምግብ ቤት ሳህን ማጠቡ፣ ኋላም በቅርጫት ኳስ ነጻ የትምህርት ዕድል ራይስ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ። በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ሀብት ያለው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያሳየው ያንን ሳህን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ተቀምጠን፣ ሳህን እያጠብን ለአገር ቤት ዘመድ “ቢሮ ነው የምሠራው” እንላለን። ሁለታችንም ዋሽተናል አልልም፤ እሱ የሚያስመርጠውን፣ እኛ የሚያስከብረንን መርጠን ተናገርን።

ሒሳቡንም እዩት። ለዘመቻው ከኪሱ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የአገረ ገዢው ደመወዝ በዓመት 175 ሺህ ዶላር ነበር፤ እሱንም ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ አለ። ካርላይል ውስጥ እንዲህ ያለ ግዢ ያቀረበ ጀማሪ ሠራተኛ ምሳ ሳይበላ ይባረር ነበር።

ተቀናቃኙ ቴሪ ማኮሊፍ የቀድሞ አገረ ገዢ ነበር፤ ዋነኛ ሙያው ለዴሞክራቶች ገንዘብ ማሰባሰብ። ያንግኪንን በካርላይል ሥራው ሲወርፍ ከረመ። ቆይቶ ማኮሊፍ ራሱ በካርላይል ፈንዶች ገንዘቡን ያፈሰሰ ደንበኛ መሆኑ ተሰማ። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ይላል? ዝም ይላል። ማኮሊፍ ግን ዝም ማለት አያውቅም፤ በመስከረም ክርክር ላይ ወላጆች ትምህርት ቤቶችን ይህን አስተምሩ ማለት የለባቸውም ብሎ አረፈው። ልጆቹን አንድ ዓመት ሙሉ በኮቪድ ምክንያት ሳሎን ውስጥ ሲያስተምር ለከረመ ወላጅ ይህ ይነገራል? ባለ ሰደርያው ከዚያ ቀን ጀምሮ የወላጆች ጠበቃ ሆነ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ። በዚያው ሰሞን የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት አንገብግቦናል፤ የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ የያዘው አቋም አስቆጥቶናል። ስለዚህ ለዴሞክራቶች ትምህርት እንስጥ ተባለና ኤፓክ የተሰኘው የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ድጋፉን ለያንግኪን ሰጠ። ቁጣው ይገባኛል። ግን የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ሥልጣኑ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስና ግብር ነው። አጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የምትሰጠው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ በእሱ ጠረጴዛ አያልፍም፤ ማዕቀብም አይጥልም፣ አያነሣም። በቡና ቤቶቻችን ሲወራ ግን ሰውየው የሚወዳደረው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ይመስል ነበር።

ኅዳር 2 ቀን 2021 ምርጫው ተካሄደ። ያንግኪን 50.6 በመቶ አገኘ፤ ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ ጥቂት ከፍ ይላል። ቁጥሩን እንደሰማን “ያስመረጥነው እኛ ነን” አልን፤ ከ60 ሺህ ውስጥ ስንቱ የእኛ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። በዚያኑ ቀን፣ ሰው ድምፅ ለመስጠት ተሰልፎ ሳለ፣ ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለኮንግረስ አስታወቁ። ውሳኔው ጥር 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ያንግኪን ቃለ መሐላ የፈጸመው በሁለት ሳምንቱ፣ ጥር 15 ነው።

በእርግጥ ያደረገውም አለ። 1 ነጥብ 5 በመቶ የነበረው የክፍለ ግዛቱ የአስቤዛ ግብር ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ቀረ፤ ይህ በየኪሳችን የገባ ሳንቲም ነው። የጠየቅነው ግን ይህን አልነበረም። የቨርጂኒያ ሕግ አገረ ገዢ ሁለት ዘመን በተከታታይ እንዲቀመጥ አይፈቅድምና በጥር 2026 ወንበሩን ለዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ለቅቆ ወጣ። ሌላ ባለ ገንዘብ ሌላ ሰደርያ ለብሶ ወደ ማኅበራችን አዳራሽ መምጣቱ አይቀርም። እባካችሁ፣ ያን ዕለት ስለ አዲስ አበባ ሳይሆን ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤትና ስለ ቤት ኪራያችሁ ጠይቁት።