ማሽኑ ሲያዝንልን

ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሦስት ገንዘብ አለው፤ ኪራይ የሚከፍልበት ዶላር፣ ጎመን የሚገዛበት ሽልንግ፣ ለወሬ የሚያወጣው ብር። ሰፈሩ ድሮ የቡና እርሻ ነበር። ቡናውን ነቅለው ቪላ ተከሉበት። ጊጊሪ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ጎረቤቱ ነው፤ ለመናፈሻ ካሩራ ደን፣ ለወጪ ቪሌጅ ማርኬትና ቱ ሪቨርስ አሉለት። አከራዩ ዋጋ በዶላር ይጠራል፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ በስልክ ገንዘብ፣ በኤምፔሳ ይቀበላል። (ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አገር የገባው በ2023። 16 ዓመት! በሞያሌ በኩል በእግሩ ቢመጣ ይቀድም ነበር።)

እና የሩንዳው ጋሼ መርከብ ሊሳፈሩ ነው። ጭነት ሊያራግፉ አይደለም፤ ሊዝናኑ። ከሞምባሳ ተነስተው፣ በዛንዚባር አድርገው፣ መርከቡ ላይ እየበሉ፣ መርከቡ ላይ እየተኙ።

«እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር የምናውቀው?» አልኳቸው።

«እኛ ማለት ማን ነው?»

«ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ የሌለን፣ የመርከብ ድርጅታችንን ግን ያልዘጋን። መርከቧን ጣናነሽ ሁለትን አላዩም? በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በተሳቢ ነው የተጓዘችው። እኛ መርከብ የምንጭን እንጂ መርከብ የሚጭነን ሰዎች አይደለንም።»

«አንተ ምቀኛ!» አሉና ቦርሳቸውን ዘረገፉት። ካርድ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ፣ የናይሮቢ ባንክ የዶላር ዴቢት ካርድ፣ የሽልንግ ካርድ፣ አንድ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት። ባለቤታቸው እትዬ ከጎን ሆነው «ካርታ ሊያጫውትህ ነው» አሉ። ጋሼ አልሰሙም። «በል ንገረኝ፤ በየትኛው ልክፈል? በየትኛው ገንዘብ?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ጋሼ ግን መልሱን አስቀድመው ሲሳሳቱት አይቻቸዋለሁ። እዚያው ሰፈራችን ምግብ ቤት ሂሳብ መጣ፤ 12,900 ሽልንግ። አስተናጋጇ ማሽኑን አቀረበችላቸው። ማሽኑ የአሜሪካ ካርዳቸውን ዋጠና ጠየቀ፦ በዶላር ነው በሽልንግ? ጋሼ ደረታቸውን ነፉና ዶላሩን ተጫኑ።

«ዶላር ሲነካ ጣቱ ይወፍራል» አሉ እትዬ።

«ካርዴ የዶላር ነው፤ ዶላር ብል ምንዛሪ የለብኝ። ሽልንግ ብል ይመነዘራል። ሂሳብ አታውቁም?»

«ጋሼ፣ ምግቡ የተሸጠው በሽልንግ ነው፤ ባለቤቱ የሚቀበለው በሽልንግ ነው። ስለዚህ መመንዘሩ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይመንዝር ነው። ሽልንግ ቢሉ ቪዛና ማስተርካርድ በየቀኑ በሚያወጡት ዋጋ ይመነዝሩታል። ዶላር ሲሉ ግን ‹የማሽኑ ጌታ እንደፈለገው ይመንዝር› ብለው ፈረሙ።»

ስሌቱ እነሆ። ዶላር 129 ሽልንግ በሆነበት ቀን 12,900 ሽልንግ ማለት 100 ዶላር ነው። ማሽኑ በ122 ቢመነዝርልዎ 105 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይሆናል። ጭማሪው እንደየቤቱ ይለያያል፤ ይህ ለምሳሌ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። የካርድዎ ባንክ በውጭ አገር ግዢ ላይ ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዶላር ብለው ቢከፍሉም ሱቁ ናይሮቢ ነውና ብዙ ጊዜ ያንኑ ይቆርጥብዎታል። ሁለት ጊዜ ተላጩ ማለት ነው፤ አንዴ በማሽኑ፣ አንዴ በባንኩ።

«ግን እኮ ማሽኑ አክብሮኝ ነው የጠየቀኝ። አገሬን አወቀ!»

«የካርድዎን የፊት ቁጥሮች አነበበ እንጂ እርስዎን መች አወቀ። እነዚያ ቁጥሮች የየት አገር ባንክ እንደሆነ ይናገራሉ። ደግሞ በአክብሮት አይደለም የጠየቀው፤ የካርድ ኩባንያዎቹ ደንብ ባለካርዱ እንዲመርጥ ስለሚያስገድድ ነው። መጠየቁ ግዴታው ነው፤ እርስዎ መሳሳትዎ ትርፉ።»

ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታቸው አይቆይም።

«እሺ፤ ለምን ታዲያ ‹በብር ትከፍላለህ?› ብሎ አይጠይቀኝም?»

«ይሉኝታ ይዞት ነው።»

እትዬ ሳቁ፤ ጋሼ አልሳቁም። ነገሩ ያስቃልም አያስቅምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በዋዜማው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ የኬንያ ሽልንግ 130 አካባቢ። በዚያ ሂሳብ አንድ ብር ከሁለት ሽልንግ በላይ ይገዛል። (በባንክ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ያሉት መንዛሪዎች ያን ወረቀት አንብበው አያውቁም።) ዓመት ሳይሞላ ዶላር ከ130 ብር አለፈና ሁለቱ ገንዘቦች ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ሽልንግም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በዶላር 160 ደርሶ ነው ተመልሶ ወደ 129 የወረደው። ልዩነቱ እሱ ታሞ ዳነ፤ የእኛው ገና ሐኪም ቤት ነው።

«ይኸው ነው እኮ!» አሉ ጋሼ፤ ያገኙ መስሏቸው። «ሽልንግ ስለሚዋዥቅ ነው ዶላር የምለው።»

«በሐምሳ ደቂቃ እራት ውስጥ ምን ያህል ይዋዥቃል ብለው ነው? ማሽኑ ላይ ዶላር ስላሉ ከመዋዠቅ አላመለጡም፤ የዛሬውን ዋጋ በውድ ገዙ እንጂ።»

አሁን ወደ መርከቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም መርከብ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጋሼ ደግሞ አንድ ምክር ከሰጧቸው በሁሉም ቦታ የሚሠሩበት ሰው ናቸው። «ሁልጊዜ ሽልንግ በል» ብላቸው መርከቡ ላይ ቆመው በሽልንግ ካልሆነ አልከፍልም ይላሉ።

መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም ማለት ይቻላል። ስትገቡ ክሬዲት ካርዳችሁን ይመዘግባሉ፤ የክፍላችሁን ካርድ ይሰጧችኋል፤ ቢራውን፣ ኢንተርኔቱን፣ የልብስ እጥበቱን በእሱ ትወስዳላችሁ። ድምሩ መጨረሻ ላይ ካስመዘገባችሁት ካርድ ይቆረጣል። መርከቡ የትም ይሂድ የራሱ ገንዘብ አለው፤ የአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ዶላር ነው፣ ሜዲትራኒያን ላይ ከሚዞሩት የአውሮፓ መርከቦች የብዙዎቹ ዩሮ። ስለዚህ ደንቡ «ሽልንግ በል» አይደለም፤ ዋጋው በተጻፈበት ገንዘብ ክፈል ነው። ሩንዳ ላይ ሽልንግ፣ ዶላር የሚያስከፍል መርከብ ላይ ዶላር።

«የሽልንግ ካርዴን ባስመዘግብስ?»

«ያኔ ነው የሚያዝኑልዎ። አንዳንድ መርከቦች ካርዱ የሌላ አገር ገንዘብ መሆኑን ሲያዩ ‹ለእርስዎ እንዲቀልዎ› ብለው ድምሩን በካርዱ ገንዘብ መንዝረው ይቆርጣሉ፤ የድካማቸውንም ጨምረው። ‹አልፈልግም› ብለው ካልተናገሩ እንደተስማሙ ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«የቱ ወረቀት?»

«እርስዎ ሳያነቡ የፈረሙት።»

እዚህ ላይ እትዬ ገቡበት። «ጉርሻውስ?» አሉ፤ ሴትዮዋ ቀድመው አጥንተዋል። ትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች የአገልግሎት ክፍያ የሚሉትን በነፍስ ወከፍ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ሂሳቡ ላይ ራሳቸው ይጨምራሉ። ለሁለት ሰው ለ7 ሌሊት ከ224 እስከ 280 ዶላር መሆኑ ነው። ጋሼ ናይሮቢ ላይ ለአስተናጋጅ 50 ሽልንግ ሲተዉ ሦስት ጊዜ ደረሰኙን የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ሳልጠየቅ?»

«እኛ አገርስ ጉርሻ ሲመጣ አፍህን ክፈት እንጂ ትፈልጋለህ ወይ ተብለህ ታውቃለህ?» አሉ እትዬ። ነገሩ አለቀ።

አሁን የካርዱ ነገር። ጋሼ የዶላር ዴቢት ካርዳቸውን መርጠው ነበር፤ «ዕዳ አልወድም» ብለው። ዕዳ አለመውደድ መልካም ነው፤ ሆኖም መርከቡ ካርዱን ሲመዘግብ ገንዘብ ያስራል። አይወስደውም፤ «ይህን ያህል ልትበሉ ትችላላችሁ» ብሎ ይይዘዋል። በዴቢት ካርድ የታሰረው የጋሼ የራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ከመርከብ ወርደውም ለመፈታት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በክሬዲት ካርድ የታሰረው ባንኩ ሊያበድር የገባው ቃል ነው። የራሴ ገንዘብ ከሚታሰር የባንክ ቃል ይታሰር። ያልተገዛ ነገር ተቆርጦ ቢገኝም በክሬዲት ካርድ መከራከር ይቀላል፤ በዴቢት የሚከራከሩት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ፦ በውጭ አገር ግዢ ላይ ጭማሪ የማይጠይቅ ክሬዲት ካርድ። የጋሼ የአሜሪካው ካርድ ጭማሪ ይጠይቅ አይጠይቅ አያውቁም ነበር። ለስንት ዓመት እንደያዙት ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ። ደውለው ጠየቁ፤ 3 በመቶ! መርከቡ የሚያስከፍለው በዶላር፣ ካርዱ የዶላር፤ ገንዘቡ አልተመነዘረም። ግን ሻጩ በውጭ አገር ከተመዘገበ አንዳንድ ባንክ ያንን 3 በመቶ ይጠይቃል። መርከብ ደግሞ ባንዲራው የባሃማስ ወይም የፓናማ፣ ድርጅቱ የማያሚ፣ ገንዘቡ የሚቆረጥበት ቢሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። መሳፈር ሳይጀመር ባንኩን መጠየቅ ነው።

«ኤምፔሳስ? የቪዛ ቁጥር ይሰጣል አሉ።»

አሉ ያሉት ልክ ነው፤ ሳፋሪኮምና ቪዛ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ቁጥሩ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ፕላስቲክ የለውም። ትኬት በኢንተርኔት ለመግዛት ይጠቅማል። መርከቡ መግቢያ ላይ «ካርድዎን ያሳዩ» ሲባሉ ግን ስልክ ሊያሳዩ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ምን እንደሚል ለእናንተ ትቻለሁ።

የጥሬ ገንዘቡን ነገር አሳጥሬ ልለፈው፤ ጋሼ ግን አላሳጠሩትም። ከቁም ሳጥን ሥር ከድሮ ጀምሮ ያስቀመጡትን ዶላር አወጡ። ትንንሽ ፊት ያለው ዶላር! ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር የሚቀበል መንዛሪ ማግኘት የጠፋ በግ ፍለጋ ነው። ደግሞ የ100 እና የ50 ኖት የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖት ይናቃል። እዚህ አንድን ዶላር ከሌላው የሚያበላልጠው መልኩና ዕድሜው ነው።

«ዛንዚባር ላይ ግን ዶላር ይወዳሉ» አሉ ጋሼ፤ የመጨረሻ ጥይታቸው።

«ይወዱ ነበር። ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታንዛኒያ ሕግ በአገር ውስጥ ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በውጭ ገንዘብ መጥራትንም መቀበልንም ከልክሏል። ከመርከብ ወርደው ቅርንፉድ ሲገዙ በታንዛኒያ ሽልንግ ነው። የኬንያውን ሽልንግ ይዘው ‹ያው ሽልንግ ነው› እንዳይሉ ደግሞ!»

«ሊል ነበር» አሉ እትዬ።

በመጨረሻ ጋሼ አንዱን ካርድ ሰጡኝና «አንተ ክፈልልኝ፤ ሂሳቡን ኋላ እንተሳሰባለን» አሉ። ይህ የሐበሻ ክሬዲት ካርድ ነው። ጭማሪም ወለድም የለውም፤ ግን ደግሞ አይከፈልም። አመስግኜ መለስኩት።

እናንተም መርከብ የምትሳፈሩ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሂዱና «ካርዴ ላይ በመርከቡ ገንዘብ ብቻ ቁረጡ፤ አትመንዝሩልኝ» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ወረቀትም ተቀበሉ። የመጨረሻውን ሌሊት አትጠብቁ። ያን ዕለት እዚያ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው።