የአሸዋ ክምርና የባኞ ቤት ዕድሳት፦ አንድ ጥናት

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ጥናት ውስጥ ሊቃውንት ዘወር ብለው ያላዩት ክስተት አለ፤ የባኞ ቤት ዕድሳት። ስለ ጎንደር ግንቦች ተጽፏል፤ ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ። ሁለት ሜትር በሁለት የሆነችውን፣ ሴራሚኳ የተላቀቀባትን ክፍል ግን እስካሁን የመረመራት የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው። የምርምር ዘዴውም ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ ማድረግ ሲሆን፣ ግኝቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መፍረስ አለበት።»

ከሕጉ እንነሳ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «ግንባታ» ሲል አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልንም ይጨምራል። አዋጁ በዋናነት የሚሠራው ነዋሪያቸው 10 ሺህና ከዚያ በላይ በሆኑ ከተሞች ነው። ስለዚህ የሽንት ቤት ነፃነት የት ላይ እንደሚያበቃ በቁጥር የታወቀ ነው ማለት ይቻላል፤ 10 ሺኛው ሕፃን በተወለደ ሌሊት የከተማዋ ባኞ ቤት ሁሉ ባለጉዳይ ሆኖ ያድራል።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። በር ተዘግቶ፣ ጣራ ሥር የሚሠራ ሥራ በምን ይታወቃል? የዚህ ጥናት መላምት መንግሥት ቤትን የሚያየው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚል ነው፤ ከሰማይና ከመንገድ። የሰማዩ እይታ የታወቀ ነው። ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲጣሩ የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች እንደ ምስክር ይቀርባሉ። ሆኖም ከሰማይ የሚታየው ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሻወር ይኑር ባልዲና ጣሳ፣ አውሮፕላኑ አልመዘገበም።

ከመንገድ የሚታየው ደግሞ አሸዋ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የጥናቱ ዋና ግኝት ያለው አሸዋው ውስጥ ነውና። አንድ ሰው ባኞ ቤቱን ከሥሩ ቢነቅል፣ ግድግዳ ቢያዛውር፣ የፍሳሽ መስመሩን በሳሎን በኩል ቢያሳልፍ፣ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አንድ አይሱዙ አሸዋ በሩ ላይ ባስገለበጠ ጊዜ ግን ግንበኛው ሳይመጣ ደንብ አስከባሪው ይደርሳል። «ፈቃድ አለህ?» «ዕድሳት ነው።» «የዕድሳቱስ ፈቃድ?» በአንጻሩ አሸዋውን ለአበባ መደብ ያስመጣ የዋህ ሰው፣ አንድም ብሎኬት ሳይኖረው ፎቅ ሊሠራ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ይውላል። ከዚህ በመነሳት ፈቃድ የሚያስፈልገው ለአሸዋው እንጂ ለባኞ ቤቱ አይደለም ብሎ መደምደም ይቻላል።

ሕዝቡ ይህን ያለ ጥናት ደርሶበታል። አሸዋ በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ ሲመሻሽ፣ ጤፍ በሚመስል አኳኋን ይገባል። ፍርስራሹ በዚያው ማዳበሪያ፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ሥራው ራሱ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ ይጧጧፋል፤ በዓል ከተጨመረበትማ ሴራሚኩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። የከተማችን ግንበኞች ቢሮ የሚዘጋበትን ቀን ከቢሮው ሠራተኞች በተሻለ እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። ምሥጢሩን የሚያበላሸው ጎረቤት ብቻ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ የሚገባው ጎረቤት አይፈራም፤ የሚፈራው ድምፁን ሰምቶ ያልመጣው ነው።

ሕግ አክባሪው ዜጋ ግን ካርታውን ይዞ ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ፣ የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ ፕላን። ፕላኑ ላይ ጥናቱ አንድ እንግዳ ነገር ይመዘግባል፦ በብዙ የቆዩ ቤቶች ፕላን ላይ ያለው ባኞ ቤት አልተሠራም፤ የተሠራው ደግሞ ፕላኑ ላይ የለም።

«እማማ፣ ይሄ ባኞ ቤት እኮ በሰነድ አይታወቅም።»

«ልጄ፣ እኛ ስንታጠብበት ሃያ ዓመታችን ነው።»

ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። በሰነዱ መሠረት የሌለ ነገር ሊታደስ አይችልም፤ ስለዚህ እማማ መጀመሪያ እንደ አዲስ ግንባታ እንዲያስፈቅዱ ይመከራሉ፤ ለዚያም ነባሩ ፕላን መስተካከል አለበት፤ ለዚያም ፋይሉ ከመዝገብ ቤት መውጣት አለበት። ፋይሉ አለ። ሲስተም ነው የሌለው።

የቀበሌ ቤት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ሽንት ቤቱ በብዙ ግቢ የጋራ ሆነ። ዛሬ ተከራዩ በሩን ማስጠገን ሲሻ አከራዩም ፈቃድ ሰጪውም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። ሁለቱ ቢሮዎች ግን የሚጻጻፉት በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚያመላልሰውም ባለጉዳዩ።

በኮንዶሚኒየም መላምታችን ለጊዜው ይናጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ አሸዋ መከመር አይቻልም። በአሸዋ ፈንታ የሚታየው ውሃ ነው። ከላይ ያለው ሰው ባኞ ቤቱን «በትንሹ» ሲነካካ፣ ከታች ያለው ሰው ኮርኒስ ላይ ቢጫ ካርታ ይሳላል፤ በከተማው ውስጥ ያለ አንዳች ማመልከቻ የሚወጣ ብቸኛ ካርታ ይኸው ነው። ያን ጊዜ አቤቱታው ወደ ነዋሪዎች ማኅበሩ ይሄዳል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ጫማውን አውልቆ ባኞ ቤቱ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁሉ ሂደት ክፍሏን በዓይኑ ያያት የመጀመሪያው ባለሥልጣን እሱ ነው።

አሁንም ፈቃድ ለመጠየቅ የቆረጠ አንባቢ ካለ፣ ቢሮ የሚሄደው ባኞ ቤቱን ከማፍረሱ በፊት ይሁን። ወረፋው ረጅም ነው፤ የቢሮው መጸዳጃም ለባለጉዳይ አይከፈትም፤ ቁልፉ ያለው ጸሐፊዋ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋም ስብሰባ ላይ ናት።