ስለ ምራቅ አተፋፍ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የጤነኛ ሰው አፍ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛውም ባለቤቱ ሳያውቀው ይዋጣል። ይህ ጥናት የሚመለከተው የተረፈውን ነው፤ አጥኚውም ምራቁን የዋጠ ሰው እንዲሆን ጥንቃቄ ተደርጓል።

በአገራችን የምርቃት ምራቅና የንቀት ምራቅ በይዘት አይለያዩም፤ ሁለቱም 99 በመቶ ውሃ ናቸው። የሚለያቸው ርቀት ነው። አያት የልጁን አናት ይዘው፣ ከአንድ ስንዝር ላይ «እንትፍ! እንትፍ! እደግ፣ ተመንደግ!» ሲሉ ግንባሩ ላይ ካፊያ ያርፍበታል። ልጁ እናቱ እያየችው አይጠርገውም። ያንኑ ምራቅ ጎረቤት ከሁለት ሜትር ቢልከው ግን ነገሩ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌዎቹም አስታርቀው ሲያበቁ እንትፍ እንትፍ ብለው ይመርቃሉ። በምራቅ የተከፈተ መዝገብ በምራቅ ይዘጋል።

ለምደባ ያስቸገረን የታክሲ ሾፌር ነው። ቀይ መብራት ሲይዘው በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ከወገቡ ዘንበል ይላል፤ አስፋልቱን ቃኘት አድርጎ ይተፋል፤ በሩን ድርግም አድርጎ ማርሽ ያስገባል። ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አልመረቀም። ረዳቱ መስኮት ስላለው ይህ ሁሉ ሥርዓት አያስፈልገውም።

ወደ ውጭ ስንወጣ፣ ግሪኮች ያማረ ሕፃን ሲያዩ ዓይን እንዳይበላው ሦስቴ እንትፍ ይላሉ፤ የእኛ አክስቶች አሠራሩን ያውቁታል። በሕንድ ኮልካታ ፓን የተባለ ቅጠል የሚያኝኩ መንገደኞች ትፋት የሃውራ ድልድይን ብረት እየበላ ስላስቸገረ፣ የብረቱ እግር በፋይበርግላስ ተሸፍኗል። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ካገኘ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከጨዋነት ወደ ፖሊስ ተዛወረ፤ ኒውዮርክም በ1896 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች መትፋትን ከለከለች። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በየዳኛው ወንበር አጠገብ መትፊያ ዕቃ እስከ ዛሬ አለ። ወረቀት ይጣልበታል፤ ይህም በፍትሕ ሥርዓቱ ላይ የተለየ ተጽዕኖ እንዳለው አልተደረሰበትም።

ጥናቱ ከባድ ፈተና የገጠመው በኮሮና ጊዜ ነው። ማስክ ያጠለቁ አያት እንትፍ ሲሉ ድምፁ ወጥቶ ካፊያው ውስጥ ቀረ። ምርቃቱ ደርሷል ወይ የሚለው ጥያቄ ለራሳቸው ለአያት ቀረበላቸው። አያት ልጁን ወደ ራሳቸው ጎተት አድርገው፣ ማስኩን እስከ አገጫቸው ዝቅ አደረጉና «ና እስቲ ልድገመው» አሉ።